ዘይቱ የት ሄደ? የሚያፈስ የጀልባ መሪን ስለ መጠገን

ለጀልባ ባለቤቶችና ለጀማሪ መካኒኮች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል።

እንደምን አመሻችሁ።

በጥያቄ ልጀምር። የመሪ ዘይት ጎድሎ አግኝቶ የሞላ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የሞላ ሰው እስቲ እጁን ያውጣ። አይዟችሁ፣ አልቆጥርም። ግማሹ አዳራሽ ነው።

ከዚህ እንነሳ። የሞተር ዘይት እየተቃጠለ ሊቀንስ ይችላል። የሃይድሮሊክ መሪ ዘይት ግን የሚቃጠልበት ቦታ የለውም። ሥርዓቱ ዝግ ነው። ዘይቱ ከፓምፑ ይወጣል፣ በቱቦ ይሄዳል፣ ሲሊንደሩን ይገፋል። ከሲሊንደሩ ሌላ ወገን ያለው ዘይት ደግሞ በሌላው ቱቦ ይመለሳል። አለቀ። ጎድሎ ካገኛችሁት በሆነ ቀዳዳ ወጥቷል። ስለዚህ ዘይት መጨመር ቀን መግፊያ እንጂ ጥገና አይደለም። ጠርሙስ ይዞ መሙላት የለመደ ሰው ቀዳዳውን መፈለግ ይተዋል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው እንዲህ ዓይነቱ ነው። አንድ ቀን ንፋስ ባለበት፣ ጠባብ ቦታ ላይ፣ መሪው ባዶውን ይዞራል።

ዛሬ የማወራው ቀዳዳውን ስለማግኘት፣ ስለ መድፈን፣ ከዚያም ቀዳዳውን ያመጣውን ነገር ስለማስወገድ ነው። ብዙ ጊዜ የሚረሳው የመጨረሻው ነው። አዲስ ፓራኦሊዮ፣ ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ ማለቴ ነው፣ ገብቶለት ወዲያው መልሶ የሚያፈስ ሲሊንደር ስታዩ፣ ጎማው ተቀይሯል፣ ጎማውን የበላው ነገር ግን እዚያው ተቀምጧል።

አሠራሩን ባጭሩ እንየው። መሪውን ስታዞሩ የምታዞሩት ፓምፕ ነው። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ተደብቋል። ውስጡ ትንንሽ ፒስተኖች ክብ ሠርተው ተደርድረዋል። መሪው አንድ ዙር ሲዞር የተወሰነ ዘይት ይገፋሉ። በብዙ ትንንሽ ጀልባዎች ላይ ይሄ መጠን 28 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። ዘይቱ ወደ ኋላ ሄዶ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ሲሊንደሩ ወይ ከጀልባው ጀርባ የተንጠለጠለውን ሞተር፣ አውትቦርድ የሚባለውን፣ ያዞራል፣ ወይ ከጀልባው በታች ያለውን ረደር፣ አቅጣጫ የሚያስይዘውን ጠፍጣፋ ክንፍ። ፓምፑ ላይ ደግሞ የማይመልስ ቫልቭ አለ። ውሃው ሞተሩን ሲገፋው ግፊቱ ተመልሶ መሪውን እጃችሁ ላይ እንዳያዞረው የሚያግደው እሱ ነው።

የሃይድሮሊክ ታሪክ ራሱ በፍሳሽ ጣጣ የጀመረ ነው ማለት ይቻላል። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ እ.አ.አ. በ1795 ለሃይድሮሊክ መጭመቂያ ማሽን ፓተንት አወጣ። ችግሩ ውሃው በፒስተኑ ዙሪያ እየሾለከ መውጣቱ ነበር። ቢያጠብቁት ፒስተኑ አልንቀሳቀስ ይላል፤ ቢያላሉት ያፈሳል። መላውን የዘየደው እሱ ዘንድ ይሠራ የነበረው ሄንሪ ሞድስሌይ ነው ይባላል። ያመጣው ከቆዳ የተሠራ፣ ጠርዙ ወደ ግፊቱ የዞረ ቀለበት ነው። ግፊቱ ሲጨምር ጠርዙ ይከፈትና ይበልጥ አጥብቆ ይይዛል። ግፊቱ ሲቀንስ ለቀቅ ያደርጋል። ዛሬ በሲሊንደራችሁ ጫፍ ላይ ያለው ጎማ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ከንፈሩ፣ ማለትም ጠርዙ፣ ወደ ዘይቱ መዞር አለበት። ይሄን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ግፊቱ ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በተለመዱት የአውትቦርድ ሞተር መሪዎች ላይ የግፊት ማስተንፈሻው ቫልቭ የሚከፈተው 1000 ፒ.ኤስ.አይ. አካባቢ ነው። ወደ 70 ባር መሆኑ ነው። በእያንዳንዷ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ 70 ኪሎ ቆሟል ብላችሁ አስቡት። ጠንከር ባሉት ሥሪቶች ከዚህም ይበልጣል። ስለዚህ የሚያፈስ ቱቦ ላይ ጣታችሁን እያስኬዳችሁ ቀዳዳ አትፈልጉ። በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። ከላይ የምትታየው ትንሽ ነጥብ ናት፤ ከውስጥ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ቀዶ ሕክምና እስከማስፈለግ ይደርሳል። ካርቶን ወይም ወረቀት ተጠቀሙ። እንዲህ ዓይነት አደጋ ከደረሰ ደግሞ ባያምም በፍጥነት ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

አሁን ወደ ፍለጋው። ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። መሪው ላይ ያለው ፓምፕ አብዛኛውን ጊዜ የሥርዓቱ ከፍተኛ ቦታ ነው። የዘይት ማጠራቀሚያውም እዚያው ነው። ታች ሲሊንደሩ ጋ ሲያፈስ፣ የሚጎድለው ላይ ነው። ፓምፑ በዘይት ፋንታ አየር መሳብ ይጀምራል። አየር ደግሞ ሲጫኑት ይታመቃል። መሪው ይላላል፣ ይልፈሰፈሳል፣ ከዳር እስከ ዳር ለመድረስ ከወትሮው የበለጠ ዙር ይጠይቃል። ሰውየው ይሄን ያይና ፓምፑ ተበላሸ ይላል። ውድ የሆነውን ፓምፕ ይቀይራል። ፍሳሹ ግን ጀልባው ጀርባ ላይ ሥራውን ቀጥሏል። ምልክቱ የሚታይበት ቦታና በሽታው ያለበት ቦታ አንድ አይደሉም።

መጀመሪያ ግን የምታዩት ዘይት የመሪው መሆኑን እርግጠኛ ሁኑ። ከኋላ በኩል የሞተር ዘይት አለ፣ የማርሽ ዘይት አለ፣ ሞተሩን የሚያነሳና የሚያወርደው የራሱ ሃይድሮሊክም አለ። ጨርቅ ላይ አንድ ጠብታ ከፍሳሹ፣ ከጎኑ አንድ ጠብታ ከመሪው ዘይት አድርጉና አነጻጽሩ። የመሪ ዘይት ቀጭን ነው። በጣት ስታሹት እንደ ሞተር ዘይት አይወፍርም። ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል።

ፍሳሽ የሚመስል ግን ያልሆነም አለ። ዘይት ሲሞቅ ይስፋፋል። እስከ አፉ ጢም አድርጋችሁ ሞልታችሁ ጀልባውን ፀሐይ ላይ ካቆማችሁት፣ በክዳኑ መተንፈሻ በኩል ትንሽ ይወጣል። ዳሽቦርዱ ይርሳል፣ ባለቤቱ ይደነግጣል። ሁለት መሪ ባለው ጀልባ ላይ ደግሞ መተንፈሻ ያለው ክዳን የሚገባው ከላይኛው መሪ ላይ ብቻ ነው። የታችኛው ድፍን ክዳን ነው የሚደረግለት። ከተቀያየሩ የላይኛው ፓምፕ ዘይት በታችኛው ክዳን በኩል እየወረደ ይፈሳል። ይሄ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ጥገና ነው፤ ግን እንዲህ ተቀያይሮ ስንት ፓምፕ ተፈቷል!

እውነተኛውን ፍሳሽ ለማግኘት ሁሉንም ነገር አጽዱ። ካልጸዳ አይገኝም። የቆየ ዘይት ወርዶ ወርዶ ሌላ ቦታ ያታልላችኋል። ካደረቃችሁ በኋላ እያንዳንዱን ማገጣጠሚያ በነጭ ሶፍት ጠቅልሉ። ከፓምፑ ጀርባ፣ ከመሪው አንገት በታች፣ በሲሊንደሩ ሁለት ጫፎች፣ አየር ማውጫ ቡሎኖቹ ላይ። አውቶፓይለት፣ ጀልባውን በራሱ የሚመራ መሣሪያ፣ ካለ የእሱ ፓምፕ የተቀጠለባቸው ቦታዎች ላይም። ከዚያ አንድ ሰው መሪውን ወደ አንድ ወገን እስከ መጨረሻው ወስዶ ገፋ አድርጎ ይያዝ። ከዚያ ወደ ሌላው ወገን። ሁለቱንም ወገን መሞከር አለባችሁ፤ አንዱ ቱቦ ግፊት የሚያገኘው ወደ አንድ ወገን ሲዞር ብቻ ነው። ሶፍቱ ራሱ ይነግራችኋል። ምንም ካልተገኘ ጀልባውን አሳድሩትና ጠዋት ተመልከቱ። ሲቆም ብቻ የሚያንጠባጥብ አለ፤ እንዳልኳችሁ ከንፈሩ ያረጀ ጎማ ያለ ግፊት ጥብቅ አይልም።

ከመሪው አንገት ሥር፣ ወለሉ ላይ ወይም ጉልበታችሁ ላይ ዘይት ካገኛችሁ የፓምፑ ዘንግ ፓራኦሊዮ ነው። ዳሽቦርዱ ውስጥ፣ ኤሌክትሪክ ገመዶቹ ላይ ከሆነ የፓምፑ ጀርባ ማገጣጠሚያዎች ናቸው። ኋላ፣ ሲሊንደሩ ዘንግ ላይ ከሆነ የሲሊንደሩ ጫፍ ጎማዎች ናቸው። በተለይ አውትቦርድ ሞተር ላይ በብዛት የሚገጥማችሁ ይሄ የመጨረሻው ነው። ስለዚህ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ይሄ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሲሊንደር ዘንጉ በሁለቱም ወገን የሚወጣ ዓይነት ነው። ዘንጉ ቆሞ፣ አካሉ በላዩ ላይ ግራና ቀኝ ይንሸራተታል። ዘንጉ ሁልጊዜ ግማሹ ውጭ ነው። ጨው ይረጭበታል፣ አሸዋ ያርፍበታል። ጀልባው ለወራት ካልተነሳ ጨው ይደርቅበታል፣ ውሃ ውስጥ ከሆነ ቀንድ አውጣ መሰል ነገር ሁሉ ይበቅልበታል። አንድ ቀን መጥታችሁ መሪውን ስታዞሩ ያ ሁሉ ሻካራ ነገር በጎማው ከንፈር ሥር ያልፋል። ጎማውን የሚገድለው ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ የዘንጉ ቆዳ ነው። አይዝጌ ብረትም ቢሆን ጨው ሥር ሲቆይ ጥቃቅን ጉድጓድ ያወጣል።

ስለዚህ ኪት፣ ማለትም የመቀየሪያ ጎማዎቹን ስብስብ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ዘንጉን በደንብ አጽዱና ጥፍራችሁን በርዝመቱ ላይ ጎትቱት። ጥፍራችሁ የሚይዘው ጉድጓድ ወይም ጭረት ካለ፣ አዲስ ጎማ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው። ለጥቂት ጊዜ ይይዝና መልሶ ያፈሳል። በጣም ቀላል ጭረት ከሆነ በደቃቅ የውሃ ሸካራ ወረቀት፣ ከ1000 ቁጥር በላይ በሆነ፣ በዘይት አርሶ ማለስለስ ይቻላል። ጥልቅ ጉድጓድ ግን በማሸት አይጠፋም። ዘንጉን ወይም ሲሊንደሩን መቀየር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ቼክ አድርጉ። ሲሊንደሩን ከሞተሩ ስትለዩት ሞተሩን በእጃችሁ ግራና ቀኝ ግፉት። በቀላሉ መሄድ አለበት። ከከበደ የሞተሩ መዞሪያ ደርቋል ማለት ነው፤ ግራሶ ይፈልጋል። የከበደ ሞተር የሚያመጣው ጫና ሁሉ የሚያርፈው ሲሊንደሩ ላይ ነው። ዘንጉን ወደ ጎን ይጫነዋል፣ ጎማውን በአንድ ወገን ይበላዋል። ስንት ሰው በየጊዜው ጎማ ይቀይራል፣ ግራሶ ቢያስገባ ግን ነገሩ ባለቀ ነበር።

ፈታታው እንዲህ ነው። ጀልባው ከውሃ ወጥቶ ይሁን። ሲሊንደሩ ሲወጣ ሞተሩ እንደፈለገ ስለሚወዛወዝ እሰሩት። ከሥር ዘይት መምጠጫ ጨርቅ አንጥፉ፤ አንድ ጠብታም ወደ ውሃ አይሂድ። ቱቦዎቹን ስትፈቱ ግራውንና ቀኙን ምልክት አድርጉባቸው፣ አፋቸውንም ድፈኑ። ከተቀያየሩ መሪውን ወደ ቀኝ ስታዞሩ ጀልባው ወደ ግራ ይሄዳል። መሳቂያ ይመስላል፤ ግን ከወደብ ሲወጡ የሚታወቅ ነገር ነው።

የሲሊንደሩን ጫፍ ክዳን ለመፍታት ሁለት ጥርስ ያለው ልዩ ቁልፍ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ኪት አብሮት ይመጣል። በመዶሻና በመሮ እየመቱ ማዞር የሚሞክር አለ። ክዳኑ ይቆሳስላል፣ ከዚያ የሚቀረው አዲስ መግዛት ነው። ክዳኑ ሲወጣ ጎማዎቹን ከማውጣታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የትኛው ወዴት እንደዞረ ኋላ ላይ ማንም አያስታውስም። ከውስጥ በኩል ዘይት የሚይዘው ጎማ አለ፤ ከንፈሩ ወደ ዘይቱ ነው። ከውጭ በኩል ቆሻሻ የሚጠርገው አለ፤ የእሱ ከንፈር ወደ ውጭ ነው። ሁለቱን አንድ አቅጣጫ ካደረጋችኋቸው ወይ ያፈሳል ወይ ጨው ያስገባል። ከክዳኑ ዙሪያ ደግሞ ኦሪንግ፣ ክብ የጎማ ቀለበት፣ አለ። እሱንም ቀይሩት፣ ባያስፈልግም።

የድሮውን ጎማ በካቻቪቴ አትጎርጉሩ። የተቀመጠበትን ቦይ ከጫራችሁት አዲሱም በዚያ በኩል ያፈሳል። እንጨት ወይም ፕላስቲክ ይሻላል። አዲሱን በራሱ በመሪው ዘይት አርሱት። በቤንዚን፣ በአሴቶን ወይም በፍሬን ማጽጃ አታጥቡት፤ ጎማው ያብጣል ወይም ይደርቃል። የዘንጉ ጫፍ ጥርስ አለው፤ ያ ጥርስ እንደ ምላጭ ነው። ጎማው በላዩ ሲያልፍ ከንፈሩን ይቆርጠዋል። ስለዚህ ከኪቱ ጋር የሚመጣ ሾጣጣ ማሳለፊያ ካለ ተጠቀሙበት። ከሌለ ጥርሱን በለስላሳ ፕላስቲክ ሸፍኑና አሳልፉት። አዲስ ጎማ ተገጥሞ በመጀመሪያው ቀን የሚያፈሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚህች ምክንያት ነው።

ስትመልሱ ራሱን የሚያጠብቀውን ዳዶ፣ ውስጡ ናይሎን ያለበትን ማለቴ ነው፣ አሮጌውን መልሳችሁ አትሰሩበት። አዲስ ግዙ። ጀልባው በሙሉ ፍጥነት እየሄደ ይሄ ዳዶ ቢፈታ ምን እንደሚከተል መንገር አያስፈልገኝም።

የፓምፑ አንገት ላይ ያለው ፓራኦሊዮ ይቀላል። በብዙ ሥሪቶች ፓምፑን ሳታወጡ ከፊት በኩል ይቀየራል። መሪውን ታወጣላችሁ፣ ሽፋኑን ትፈታላችሁ፣ ጎማውን ታወጣላችሁ፣ ዘንጉን ታጸዳላችሁ፣ አዲሱን ቀጥ አድርጋችሁ ታስገባላችሁ። ጣጣው መሪው ዘንጉ ላይ ከጠበቀ ነው። መጎተቻ ተጠቀሙ። ዘንጉን በመዶሻ የሚመታ ሰው ውስጥ ያለውን ኩሽኔታ እየመታ ነው። ጎማ ሊቀይር መጥቶ ፓምፕ ገዝቶ ይሄዳል።

ስለ ማገጣጠሚያዎች አንድ ነገር ብቻ፣ ግን አደራ። ነጩን የቧንቧ ቴፕ አትጠቀሙ። ለውሃ ቧንቧ ጥሩ ነው። እዚህ ግን ቁራጩ ተበጥሶ ከዘይቱ ጋር ይሄድና ቫልቭ ሥር ይቀመጣል። ለሾጣጣ ጥርስ ፈሳሽ ማሸጊያ አለ፤ እሱም በመጀመሪያዎቹ ጥርሶች ላይ ሳይሆን ከእነሱ ኋላ ይቀባል። ኦሪንግ ላለው ማገጣጠሚያ ማሸጊያ ጭራሽ አያስፈልገውም። ደግሞ ካፈሰ አጥብቅ፣ ካፈሰ አጥብቅ የሚሉትን ተዉት። የፓምፑ አካል ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ነው፣ ይሰነጠቃል። ቱቦ ከሆነ የተፈገፈገውን አትጠግኑት። የፈገፈገውን ጠርዝ አግኙ፣ መከላከያ አድርጉለት፣ ቱቦውን ቀይሩ። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ተነስቶ ግራና ቀኝ ሲዞር ቱቦው እንዳይወጠርና እንዳይታጠፍም ተመልከቱ።

ውጭ አንድ ጠብታ ሳይታይ መሪው የሚሸሽበት ጊዜም አለ። ዳር አድርሳችሁ ገፋ ስታደርጉት ቀስ እያለ መዞሩን ይቀጥላል። በመጠኑ ሲሆን በአንዳንድ ፓምፖች የተለመደ ነው። ከበዛ ግን ዘይቱ ከውስጥ እየሾለከ ነው፤ ወይ በሲሊንደሩ ፒስተን ጎማ፣ ወይ በፓምፑ ውስጥ። ለመለየት ከፓምፑ ጀርባ ቱቦዎቹን ፍቱና መውጫዎቹን ግፊት በሚችል መድፈኛ ዝጉ። አሁን መሪው ድርቅ ብሎ ከቆመ ፓምፑ ጤነኛ ነው፣ ጥፋተኛው ሲሊንደሩ ነው። አሁንም ከዞረ ፓምፑ ነው። ሁለት መሪ ባለው ጀልባ ላይ አንዱን ስታዞሩ ሌላው አብሮ ከዞረ ደግሞ የማይመልሰው ቫልቭ ሥር ቆሻሻ ገብቷል። ብዙ ጊዜ ያ የቴፕ ቁራጭ ነው።

ዘይቱን በተመለከተ ክርክር አልወድም። አምራቹ ያዘዘውን ነው። አብዛኞቹ የሚያዙት በደረጃው 15 ቁጥር የሆነ ቀጭን የሃይድሮሊክ ዘይት ነው። ለትልልቅ ማሽኖች የሚሸጠው 32 ወይም 46 ቁጥር ይወፍራል፤ በብርድ መሪውን ያከብዳል። የፍሬን ዘይት በፍጹም፣ በፍጹም አይግባ። ጎማውን ሁሉ ይበላዋል። ከዚያ በኋላ የምትጠግኑት አንድ ፍሳሽ አይደለም፣ ሥርዓቱን በሙሉ ነው። የአውቶማቲክ ማርሽ ዘይት አንዳንድ አምራቾች ለክፉ ቀን ብቻ ይፈቅዳሉ። ወደብ ከደረሳችሁ በኋላ አጥባችሁ ታወጡታላችሁ።

ጥገናው አልቆ አየር ማውጣት ቀረ፤ መካኒኮች ስፑርጎ የሚሉት። ግማሹ ጥገና የሚበላሸው እዚህ ነው፣ በችኮላ። አንድ መሪና አንድ ሲሊንደር ላለው ጀልባ 2 ሊትር ገደማ ዘይት ያዙ። ጠርሙሱን በማስተላለፊያ ቱቦ ፓምፑ አፍ ላይ ገልብጣችሁ አስሩ። ፓምፑ ቀስ ብሎ ይጠጣ። አረፋው እስኪያልቅ ጠብቁ። ጠርሙሱ ባዶ እስኪሆን በፍጹም አትጠብቁ፤ አንዴ አየር ከሳበ ከመጀመሪያው ነው።

መሪውን ወደ አንድ ወገን እስከ መጨረሻው ውሰዱት። አሁን ዘንጉ በአንዱ ጫፍ ረዝሞ ወጥቷል። ረዝሞ በወጣበት ወገን ያለውን አየር ማውጫ ቡሎን ክፈቱ፣ ትንሽ ቱቦ አድርጋችሁ ወደ ዕቃ አስገቡት። አንድ ሰው ሲሊንደሩ እንዳይንቀሳቀስ አጥብቆ ይያዝ። አሁን መሪውን ወደ ተቃራኒው ወገን ቀስ እያላችሁ አዙሩ። መጀመሪያ ይተፋል፣ ያስላል፣ ከዚያ አረፋ የሌለው ዘይት ይወርዳል። መሪው እየዞረ ሳለ ቡሎኑን ዝጉ። ቆማችሁ ከዘጋችሁ አየር መልሶ ይሳባል። በሌላውም ወገን እንዲሁ። ያዡ ሰው ሥራ ትንሽ ይመስላል። ሲሊንደሩ ከሸሸ ግን ዘይቱ ቡሎኑ ጋ ከመሄድ ይልቅ ክፍሉን ይሞላል፣ አየሩም እዚያው ይቀራል። ቅደም ተከተሉ እንደ ሥሪቱ ስለሚለያይ የራሳችሁን መመሪያ አንብቡ። አውቶፓይለት ካለ እሱንም በሁለቱም አቅጣጫ እያሠራችሁ አስወጡ።

መጨረሱን ለማወቅ ጠርሙሱን ሳታነሱ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ውሰዱት። ዘንጉ በሁለቱም ወገን በሚወጣ ሲሊንደር ላይ የዘይቱ ከፍታ መለዋወጥ የለበትም። ዳር ላይ ገፋ ስታደርጉት ዝቅ ካለ ውስጥ የሚታመቅ አየር አለ። በአንድ ወገን ብቻ በሚወጣው ዓይነት ላይ ግን መለዋወጡ ተፈጥሯዊ ነው፣ አትደንግጡ። አረፋ ያለበትን የወጣ ዘይት መልሳችሁ አትጨምሩ።

ወደ ጥያቄዎቹ ልሂድ።

አንድ ወንድማችን መለዋወጫ ሲፈልግ ሦስት የአምራች ስም እንደገጠመው ጠየቀ። ልክ ነው። ቴሌፍሌክስ ይባል የነበረው የጀልባ መሪ አምራች ሲስታር ሆነ፤ ሲስታርን ደግሞ እ.አ.አ. በ2017 ዶሜቲክ ገዛው። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ያለው ስም አያስጨንቃችሁ። ሲሊንደሩና ፓምፑ ላይ የታተመውን የሞዴል ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። አጽዱትና ፎቶ አንሱት፣ ከተቻለ ሳይፈርስ በፊት።

እህታችን የጠየቀችው ውሃ ላይ እያላችሁ ቢፈስስ ምን ይደረግ ነው። ፍጥነት ቀንሱ። ፓምፑ አፍ ላይ ዘይት ጨምሩና መሪው የሚመልስ ከሆነ ወደ ቅርቡ ወደብ ሂዱ። ለዚህ ሲባል አንድ ጠርሙስ ዘይትና መሙያ ቱቦው ሁልጊዜ ጀልባ ላይ ይኑር። ሁለት ሞተር ካላችሁ በሁለቱ ጋዝ ልዩነት ማዞር ይቻላል። ረደር ባለው ጀልባ ላይ የአደጋ ጊዜ እጀታ ተሰክቶ ይነዳል። ነገር ግን ሃይድሮሊኩ ረደሩን ቆልፎ ይይዘዋል። ዘይቱን ከሲሊንደሩ አንድ ወገን ወደ ሌላው የሚያሳልፈውን ማሳለፊያ ቫልቭ ካልከፈታችሁ በስተቀር እጀታው አይነቃነቅም። ቫልቩ የት እንዳለ ዛሬ ሄዳችሁ ፈልጉት፣ በማዕበል መሃል አይፈለግም።

የመጨረሻው ጥያቄ ኪት ይሻላል ወይስ አዲስ ሲሊንደር የሚል ነው። ጥፍራችሁ ይወስን። ዘንጉ ለስላሳ ከሆነ ኪት፤ ዋጋው ከአዲስ ሲሊንደር ጋር አይወዳደርም። ዘንጉ ከተጎዳ የዘንጉን፣ የኪቱንና የሠራተኛውን ዋጋ ደምሩና ከአዲሱ ጋር አስተያዩት። ብዙ ጊዜ ይቀራረባል። ከተቀራረበ እኔ አዲሱን እመርጣለሁ። የድሮውን ግን አትጣሉት፤ ማሰሪያዎቹና ቡሎኖቹ መለዋወጫ ይሆናሉ።

ጊዜያችን አልቋል። በእጁ መሞከር የሚፈልግ ወደ ጠረጴዛው ይምጣ። ቁልፉም ኪቱም እዚሁ አለ፣ ሲሊንደሩን አብረን እንፈታዋለን።